ሰጠሁት

ደብረ ብርሃን ነው፤ ማታ፤ የዘጠነኛ «ሐ» ክፍል፤
መስኮቱ ካርቶን ለብሶ ከንፋስ ጋር ሲታገል፤
እኔ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ከቀን ፈረቃ ወጥቼ፣
የሱፍ ብናኝ በቅንድቤ እንደ አመዳይ ይዤ መጥቼ።

መምህር ዘውገ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ ጨብጦ
ሁለት ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈ፣ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ፦
ኢት። ሚ።
«እነዚህ ትንንሾች ናቸው» አለ፤
«ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይጋፋሉ።
ዕቃው ስም ካለው፣ ጊቭ ሚ ዘ ቡክ፤ ሰውየው ይቀድማል፤
ስሙን አጥቶ ‹ኢት› ከሆነ ግን፣ ዕቃው ከፊት ይሰለፋል።
ጊቭ ኢት ቱ ሚ።
‹ቱ› ድልድይዋ ናት፤ እንደ በሬሳ ድልድይ በሏት፤
ሳይረግጣት የተሻገረ ዕቃውን ውሃ ወሰደበት።»

ከኋላዬ ልኬለሽ፣ የመናኸሪያዋ ትኬት ቆራጭ፣
«የኛውስ?» አለች።
«የኛማ! ‹ስጠኝ› ትያለሽ፤ አለቀ፤
አንቺ ግሱ ጀርባ ላይ ታዝለሽ፣ ዕቃው የት ነው ብሎ ማን ጠየቀ?»

ክፍሉ ሳቀ።
እኔ ጠባሴ ነበርኩ፣ እህቴ ቤት፣ ባለፈው ጥር።
አባቴ ዐይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል፣
ሦስት ቀን ከዘጋው አፉ አንዲት ቃል አወጣ፦
«ሰጠሁት።»
ሌላ አልጨመረም። ጎህ ሳይቀድ ገነዝነው።

ከበሬሳ ማዶ አንድ ጥማድ የገብስ መሬት ነበረው።
እኔ በራስጌው ቆሜ ነበር፣ ታናሼ ማንደፍሮ በግርጌው።
ማንደፍሮ «ያቺ ‹ት› እኔ ነኝ» አለ፤ እኔም «እኔ ነኝ» አልኩት፤
የእናቴን ልጅ ለአንዲት ፊደል በሽማግሌ አስጠየቅኩት።
አቶ እንግዳሰው፣ ሸንጎውን በከዘራ ጫፍ እየቆረቆሩ፣
«‹ት› ሰው አይደለም፣ መሬቱ ነው እንጂ ራሱ፤
ለማን የሚለውን ይዞት ነው የሄደው ነፍሱ» አሉ።
አክስቴ ጌጤነሽ ግን ከበሩ አጠገብ ሆና፣
«ምን መሬት፣ መሬት ትላላችሁ?
የበቅሎዋ ዕዳ ሰላም ነሥቶት ነበር። ለባለ ዕዳው ነው የሰጠው» አለች፤
ማንም አልሰማትም። እኔ ሰማኋት፤ ዝም አልኩ።

«ሰጠኝ! ና ውጣ፤ ‹ሰጠሁት›ን በእንግሊዝኛ ጻፍ።»
ክፍሉ ዳግም ሳቀ፤ በስሜ።
(በስሜ ውስጥ ሰጪው እግዜር፣ ተቀባዩ አባቴ ነው፤
ዕቃው እኔ ነበርኩ፤ እኔን ነው ስሜ የማይጠራው።)

ጠመኔው ከእጄ ላብ ጋር ተላቆጠ።
አይ ጌቭ፣ አልኩ። ይሄ ቀላል ነው፤ አባቴ ነው።
ከዚያ ወዲያ ይህ የሰው ቋንቋ
ሁለት በርጩማ አውጥቶ ይጠብቃል፤
ሁለቱም እንግዶች ካልተቀመጡ ነገር አይጀመርም።
ኢት፤ መሬቱን አስቀመጥኩ፤ ገብሱ እንደቆመ።
ቱ፤ ድልድዩን ዘረጋሁ።
ከማዶ፣
ማንደፍሮ ቆሟል፣ እኔ ከፋብሪካ በቅናሽ ያወጣሁለትን
ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፤
ከአጠገቡ የማላውቀው ሰው፣ የበቅሎ ልጓም በእጁ፤
ከሁለቱ ኋላ፣ አንገቴን አስግጌ፣ እኔ።

«ጨርስ እንጂ!» አለ መምህር ዘውገ።
አልጨረስኩም። ግማሽ ነጥብ ሰጠኝ።
(ይሄኛው «ሰጠኝ» ስሜ አይደለም።)

ሦስት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ቆሜ ደወልኩ።
ውሃው ከታች አይታይም፤ ይሰማል እንጂ።
«ማንደፍሮ፣ አባባ ምን ነበር ያለው?»
«ሰጠሁት ነዋ።»
«ምንን?»
ዝም።
«ለማን?»
ዝም። በዝምታው መሐል የእሱን ቤት ቆርቆሮ
ያው የእኔው ንፋስ ሲመታው ሰማሁ።
«ብር ቸገረህ እንዴ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
ከጥር ወዲህ እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም።
ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤
«ውሰደው» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ።